የቤት ፕላን መሥሪያ ሶፍትዌር፦ የተለመዱ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

የቤት ፕላን መሥሪያ ሶፍትዌር የመኖሪያ ቤትን ፕላን፣ ሴክሽን፣ ኤሌቬሽንና ባለ ሦስት አውታር ሞዴል በኮምፒውተር ለመሥራት የሚያገለግል ፕሮግራም ነው። ከታወቁት መካከል አውቶካድ፣ አርኪካድ፣ ሬቪት፣ ስኬችአፕ፣ ስዊት ሆም ስሪዲ እና ሊብሬካድ ይገኙበታል።

በእነዚህ ፕሮግራሞች ሲሠራ የሚያጋጥመው ችግር ብዙውን ጊዜ የፕሮግራሙ ብልሽት አይደለም። ፕሮግራሙ የታዘዘውን ሲፈጽም ተጠቃሚው ግን ሌላ ነገር ያዘዘ ሲመስለው የሚፈጠር ነው። የስህተቱ ምንጭ በአብዛኛው ከአራት ነገሮች በአንዱ ይገኛል፦ በመለኪያ አሃድ፣ ሥዕሉ በተቀመጠበት ቦታ፣ በታይነት ማስተካከያ ወይም በኅትመት ስኬል። ስክሪን ላይ ቀላል የሚመስል ስህተት መሠረት ከተቆፈረና ብሎኬት ከተደረደረ በኋላ ሲገኝ ግን ግንብ ያስፈርሳል። ስለዚህ ችግሩን ከነምንጩ መለየት ሥዕሉን ከማሳመር ይቀድማል።

በዚህ ጽሑፍ የትዕዛዞች ስም እንደሚነበበው በግእዝ ፊደል ተጽፏል፤ በፕሮግራሞቹ ውስጥ የሚተየበው ግን በላቲን ፊደል ነው።

ታሪክና ዓይነቶች

በስክሪን ላይ በቀጥታ ለመሣል ካስቻሉት ቀደምት ፕሮግራሞች አንዱ አይቫን ሰዘርላንድ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሠራው «ስኬችፓድ» ሲሆን የቀረበውም በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። አውቶዴስክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አውቶካድን በ1982 እ.ኤ.አ. አወጣ። የሃንጋሪው ግራፊሶፍት ኩባንያ የአርኪካድን የመጀመሪያ እትም በ1984 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበ። ሬቪትና ስኬችአፕ ሁለቱም በ2000 እ.ኤ.አ. ወጡ። ሬቪትን አውቶዴስክ በ2002፣ ስኬችአፕን ደግሞ ጉግል በ2006 ገዙ፤ ስኬችአፕ በ2012 ወደ ትሪምብል ኩባንያ ተላልፏል። ስዊት ሆም ስሪዲና ሊብሬካድ በነፃ የሚገኙ ናቸው።

ፕሮግራሞቹ በአሠራራቸው በአራት ይከፈላሉ።

• መስመር የሚሥሉ፦ አውቶካድና ሊብሬካድ። ግድግዳ ማለት ለፕሮግራሙ ሁለት ትይዩ መስመሮች ብቻ ነው። ፕላኑ ላይ በር ቢዛወር ኤሌቬሽኑ ላይ ያለው በር በራሱ አይዛወርም።
• የሕንፃ አካልን የሚያውቁ፦ አርኪካድና ሬቪት። ግድግዳው ውፍረት፣ ቁመትና ዓይነት አለው፤ በአንዱ ሥዕል የተለወጠው በሌሎቹም ይለወጣል።
• ገጽን የሚሠሩ፦ ስኬችአፕ። ሁሉም ነገር ከጠርዝና ከገጽ የተሠራ ነው።
• ለቤት ውስጥ አደረጃጀት የተዘጋጁ፦ ስዊት ሆም ስሪዲ። ግድግዳ ተሥሎ ዝግጁ በር፣ መስኮትና የቤት ዕቃ ይቀመጥበታል።

ይህ ልዩነት ችግር ፍለጋ ላይም ይጠቅማል። በመጀመሪያው ዓይነት ፕላንና ኤሌቬሽን ካልተስማሙ ስህተቱ የሣዩ ነው፤ በሁለተኛው ዓይነት ካልተስማሙ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት የታይነት ማስተካከያው ነው።

ችግርን የመለየት ሥርዓት

ማንኛውንም ማስተካከያ ከመነካካት በፊት የፋይሉን ቅጂ አስቀምጦ በቅጂው ላይ መሥራት ያስፈልጋል። ቀጥሎ የሚከተለው ቅደም ተከተል አብዛኛውን ችግር ይለያል።

1. አዲስ ባዶ ፋይል ተከፍቶ ያው ሥራ ይሞከራል። በባዶው ፋይል የሚሠራ ከሆነ ችግሩ ያለው በፋይሉ ወይም በፋይሉ ውስጥ በተቀመጠ ማስተካከያ ነው።
2. በባዶው ፋይልም የማይሠራ ከሆነ ችግሩ የፕሮግራሙ ማስተካከያ ወይም የኮምፒውተሩ ነው።
3. ስክሪኑ የሚጠቁር፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ባለ ሦስት አውታር እይታው የማይከፈት ከሆነ የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ይፈተሻል። በአውቶካድ «ግራፊክስኮንፊግ» በሚለው ትዕዛዝ የካርዱን እገዛ ለጊዜው በማጥፋት መንስኤው እሱ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ይቻላል።
4. ችግሩ በአንድ ፋይል ብቻ ከሆነ በቅጂው ላይ የሥዕሉ ግማሽ ይሰረዛል። ችግሩ ከጠፋ መንስኤው በተሰረዘው ግማሽ ውስጥ ነበር። እየከፋፈሉ በመሄድ መቶ ነገሮች ካሉበት ሥዕል ውስጥ ጥፋተኛው በሰባት ሙከራ ገደማ ይገኛል።

አውቶካድ የሚጠይቀውንና ስህተት የሚለውን ሁሉ ከስክሪኑ ግርጌ ባለው የትዕዛዝ መስመር ላይ ይጽፋል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ይህን መስመር አያነቡም፤ ነገር ግን መልሱ ብዙውን ጊዜ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ኤፍ 2 ሲጫኑ ያለፈው ጽሑፍ በሰፊው ይከፈታል።

የመለኪያ አሃድ

አንድ ሥዕል በሜትር፣ በሴንቲ ሜትር፣ በሚሊ ሜትር ወይም በኢንች ሊሠራ ይችላል። አውቶካድ ሲሣልበት የሚያውቀው ቁጥርን ብቻ ነው፤ «4» ተብሎ የተጻፈው አራት ሜትር ይሁን አራት ኢንች የሚወስነው ሣዩ ነው። አሃዱ የሚታወቀው ስፋቱ የተረጋገጠ ነገር በመለካት ነው። ለምሳሌ 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው በር በ«ዲስት» ትዕዛዝ ሲለካ፦

• 0.9 ካሳየ ሥዕሉ በሜትር ነው፤
• 90 ካሳየ በሴንቲ ሜትር ነው፤
• 900 ካሳየ በሚሊ ሜትር ነው፤
• 35.43 ካሳየ በኢንች ነው።

አሃዱ ከታወቀ በኋላ ሥዕሉ በሙሉ በ«ስኬል» ትዕዛዝ ይባዛል። ከሜትር ወደ ሚሊ ሜትር በ1000፣ ከሴንቲ ሜትር ወደ ሚሊ ሜትር በ10፣ ከኢንች ወደ ሚሊ ሜትር በ25.4 ማባዛት ነው። «ኢንስዩኒትስ» የሚባለው ማስተካከያ ደግሞ ፋይሉ በምን አሃድ እንደተሠራ ለፕሮግራሙ ይነግረዋል፦ 1 ኢንች፣ 4 ሚሊ ሜትር፣ 5 ሴንቲ ሜትር፣ 6 ሜትር ማለት ነው። ከሌላ ፋይል የመጣ አልጋ ወይም መኪና ከቤቱ በላይ ገዝፎ ወይም እንደ ነጥብ አንሶ ሲታይ መንስኤው ብዙውን ጊዜ የሁለቱ ፋይሎች «ኢንስዩኒትስ» አለመስማማት ነው።

ፎቶ ወይም ስካን የተደረገ አሮጌ ፕላን ላይ ተመሥርቶ ሲሠራ መጠኑ በሚታወቅ ርዝመት ይስተካከላል። ስዊት ሆም ስሪዲ ፎቶው ሲገባ ሁለት ነጥቦች ያስመርጥና እውነተኛ ርቀታቸውን ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ ከበር ስፋት ይልቅ የቤቱን ሙሉ ርዝመት መምረጥ ይሻላል፤ ነጥቡን በመምረጥ የሚፈጠር ትንሽ ስህተት በረጅም ርቀት ላይ ሲሆን ውጤቱ ያንሳል።

ልስንና የግድግዳ መነሻ መስመር

ሌላው የመለኪያ ስህተት ምንጭ ርቀቱ ከየት እስከ የት እንደሆነ አለመወሰን ነው። በ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት የተሠራ ግድግዳ በሁለቱም በኩል 2 ሴንቲ ሜትር ቢለሰን ውፍረቱ 24 ይሆናል። ከብሎኬት እስከ ብሎኬት 4 ሜትር የሆነ ክፍል ከልስን በኋላ 3.96 ሜትር ይቀረዋል። በፕላኑ 4 ሜትር ተብሎ የታዘዘ የግድግዳ ቁም ሣጥን እዚያ ክፍል ውስጥ አይገባም።

አርኪካድና ሬቪት ግድግዳን የሚሥሉት በአንድ መነሻ መስመር ላይ ተመሥርተው ነው። መስመሩ በግድግዳው ውጭ፣ መሐል ወይም ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሣዩ የውስጥ ስፋት እየለካ መስመሩ መሐል ላይ ከሆነ እያንዳንዱ ክፍል በአንድ የግድግዳ ውፍረት ያህል ይጠባል። ክፍሎቹ ሁሉ በእኩል መጠን ጠበው ሲገኙ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ መስመር ነው።

ከመነሻ ነጥብ የራቀ ሥዕል

የቅየሳ ሥራ ውጤት ብዙ ጊዜ በዩቲኤም መጋጠሚያ ቁጥሮች ይቀርባል። አዲስ አበባ በዞን 37 ውስጥ ስለምትገኝ የአንድ ይዞታ ማዕዘን ቁጥር ወደ ምሥራቅ 470 ሺህ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ 997 ሺህ ሜትር ገደማ ሊሆን ይችላል። ቤቱ በዚሁ ቦታ ሲሣል መስመሮች ይንቀጠቀጣሉ፣ ክቦች ይሰባበራሉ፣ ሀች አልሞላ ይላል።

ምክንያቱ የቁጥር ጥራት ነው። ግራፊክስ ካርዶች ለእይታ የሚጠቀሙበት የተለመደው የቁጥር አያያዝ ሰባት አኃዝ ያህል ብቻ ይይዛል። በ997 ሺህ ሜትር ርቀት ላይ በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ያነሰ ነገር በትክክል አይታይም። አውቶካድ መጋጠሚያውን በፋይሉ ውስጥ የሚያስቀምጠው ከዚህ እጅግ በላቀ ጥራት ስለሆነ እይታው ቢንቀጠቀጥም ልኬቱ አይበላሽም። ሬቪት ግን ሕንፃው ከውስጣዊ መነሻ ነጥቡ በ16 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ እንዲሆን ይፈልጋል።

መፍትሔው ቤቱን በዜሮ ነጥብ አጠገብ መሣልና የይዞታውን አንድ ማዕዘን እውነተኛ ቁጥር በሥዕሉ ላይ መጻፍ ነው። የቅየሳው ፋይል ሳይነካ ለብቻው ይቀመጣል፤ የተዛወረበትም ርቀት ይመዘገባል።

የይዞታ ካርታና ከስልክ የተወሰደ የጂፒኤስ ነጥብ አልገጥም ሲሉ ደግሞ የቅየሳ መነሻቸውን ማየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው መነሻ አዲንዳን ሲሆን ጂፒኤስ የሚጠቀመው ግን ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ ሜትር ይበልጣል፤ ይህም የአንድን ቤት ቦታ ወደ ጎረቤት ይዞታ ለመውሰድ ከበቂ በላይ ነው።

ያልተገናኙ መስመሮችና ሀች

ሀች ማለት የተቆረጠ ግድግዳን ወይም ወለልን የሚያመለክት ሙሌት ነው። አውቶካድ ሀች የሚሞላው ዙሪያው የተዘጋ ቦታ ሲያገኝ ነው። ካልተዘጋ ክፍተቱ ያለበትን ቦታ በቀይ ክብ ሊያሳይ ይችላል። መፍትሔዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• ማዕዘኖችን በ«ፊሌት» ትዕዛዝ መዝጋት፤ ራዲየሱ ዜሮ ሲሆን ሁለቱ መስመሮች በትክክል ይገናኛሉ።
• ክፍተቱ በጣም ትንሽ ከሆነ «ኤችፒጋፕቶል» በሚባለው ማስተካከያ ፕሮግራሙ እንዲያልፈው ማድረግ። ይህ ሙሌቱን ያሳካል እንጂ ክፍተቱን አይዘጋም።
• መስመሮቹ በከፍታ የተለያዩ መሆናቸውን በ«ፕሮፐርቲስ» ማየት። ከላይ ሲታዩ የተገናኙ የሚመስሉ መስመሮች አንዱ ወለል ላይ ሌላው ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። «ፍላተን» ሁሉንም ወደ አንድ ወለል ያወርዳቸዋል።

ከሥሩ የሚከላከለው ግን በኤፍ 3 የሚበራውን የነጥብ መያዣ ሁልጊዜ መጠቀም ነው። በዓይን ግምት የተገናኘ መስመር እንደተገናኘ አይቆጠርም።

በስኬችአፕ ገጽ አልፈጠር ሲል ጠርዞቹ በአንድ ጠፍጣፋ ላይ አይደሉም ወይም ክፍተት አለ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ከአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ በታች የሆኑ ገጾችን ለመሥራት ይቸገራል፤ የበር እጀታን የመሰለ ጥቃቅን ነገር መጀመሪያ አግዝፎ ሠርቶ ኋላ ማሳነስ የተለመደ ዘዴ ነው። አንዱን ግድግዳ ሲያንቀሳቅሱ ሌላው አብሮ የሚሳብ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ አካል ተሠርቶ እንዳለቀ በግሩፕ አልተያዘም ማለት ነው።

የጠፉ ነገሮች

በሥዕሉ ላይ የነበረ ነገር ሲጠፋ ተሰርዟል ብሎ እንደገና መሣል ትልቅ ስህተት ነው፤ የተደበቀው ኋላ ሲመለስ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። መታየት ያለባቸው የሚከተሉት ናቸው።

በአውቶካድ የሌየሩ ሁኔታ ይፈተሻል፦ ጠፍቷል፣ ቀዝቅዟል ወይስ እንዳይታተም ተደርጓል? «ዴፍፖይንትስ» የተባለው ሌየር ስክሪን ላይ ይታያል፤ ወረቀት ላይ ግን አይወጣም። ስክሪን ላይ ታይቶ ሲታተም የሚጠፋ ነገር ብዙ ጊዜ በስህተት እዚህ ሌየር ላይ የተሣለ ነው።

በሬቪትና በአርኪካድ ፕላን ማለት በተወሰነ ከፍታ ላይ የተቆረጠ ሕንፃ ነው። ሬቪት በሜትር አሃድ ሲዘጋጅ የተለመደው የመቁረጫ ከፍታ ከወለሉ 1.20 ሜትር ነው። ደፉ 1.60 ሜትር ላይ የሚጀምር የመታጠቢያ ቤት መስኮት ከመቁረጫው በላይ ስለሚሆን በፕላኑ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ፕላኑን ብቻ የሚያይ ግንበኛም ቦታውን ሳይተው ያልፋል። በሬቪት ለዚያ ክፍል ብቻ የተለየ የመቁረጫ ከፍታ መስጠት ይቻላል። የአምፖል ምልክቱ ሲጫን ደግሞ የተደበቁ ነገሮች በቀለም ተለይተው ይታያሉ።

ጽሑፍና የግእዝ ፊደል

በሥዕሉ ሞዴል ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ ቁመት የሚገኘው በወረቀት ላይ የሚፈለገውን ቁመት በስኬሉ በማባዛት ነው። በወረቀት ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ከተፈለገ በ1፡100 ሥዕል 250 ሚሊ ሜትር፣ በ1፡50 ደግሞ 125 ሚሊ ሜትር ተደርጎ ይጻፋል። ጽሑፉ በወረቀት ላይ የማይነበብ ሲሆን ስህተቱ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ስሌት ነው።

አማርኛ ሲጻፍ የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሣጥን የሚወጣው ፎንቱ የግእዝ ፊደል ስለሌለው ነው። ከአውቶካድ ጋር የሚመጡት በመስመር የተሠሩ የኤስኤችኤክስ ፎንቶች የግእዝ ፊደል የላቸውም። በ«ስታይል» ትዕዛዝ እንደ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት መምረጥ ችግሩን ይፈታል።

የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደሉን በላቲን ኮድ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር በእነሱ የተሠራ አሮጌ ሥዕል ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድርድር ይታያል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የጊዜው ፎንት ካልተገኘ ግን ጽሑፉን በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል። ሥዕሉ ለሌላ ሰው ሲላክ በፒዲኤፍም አብሮ ቢላክ ተቀባዩ ፎንቱ ባይኖረውም ጽሑፉን ያነበዋል።

ኅትመትና ስኬል

ቤቱ በኮምፒውተር ውስጥ የሚሣለው በእውነተኛ መጠኑ ነው፤ ስኬል የሚሰጠው ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። በአውቶካድ በ«ሌይአውት» ገጽ ላይ መስኮት ተከፍቶ ስኬሉ ይወሰናል። ሥዕሉ በሚሊ ሜትር ከሆነ ለ1፡100 «1/100ኤክስፒ»፣ በሜትር ከሆነ ግን «10ኤክስፒ» ይሰጣል። ከዚያ በኋላ መስኮቱ ካልተቆለፈ ማውዙን በማሽከርከር ብቻ ስኬሉ ይፈርሳል።

ለኤ1 ወረቀት (594 በ841 ሚሊ ሜትር) የተዘጋጀ ሥዕል በኤ3 (297 በ420) ሲታተም ርዝመቱ ሁሉ በግማሽ ያንሳል፤ 1፡100 የነበረው 1፡200 ይሆናል። ይህ ስህተት ግልጽ ስለሆነ ቶሎ ይያዛል። የበለጠ የሚያሳስበው ትንሹ ስህተት ነው። ፒዲኤፍ ሲታተም «ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን» የሚለው ምርጫ ከበራ ሥዕሉ ትንሽ ብቻ ያንሳል። ከመቶ አራት እጅ ቢያንስ 4 ሜትር የሆነ ክፍል በማስመሪያ ሲለካ 3.84 ሜትር ሆኖ ይነበባል። አሥራ ስድስት ሴንቲ ሜትር ጠፍቷል፤ ወረቀቱ ግን ለዓይን ትክክል ይመስላል።

ለዚህ ሁለት መከላከያ አለ። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ በሜትር የተከፋፈለ የስኬል መስመር ይሣላል፤ ወረቀቱ ሲያንስ መስመሩም አብሮ ስለሚያንስ ስህተቱን ያጋልጣል። ሁለተኛ፣ ለግንባታ የሚያስፈልግ ልኬት ሁሉ በቁጥር ይጻፋል፤ ሠራተኛው በማስመሪያ ለክቶ እንዳይሠራ በወረቀቱ ላይ ይገለጻል።

በእጅ የተቀየረ ልኬት

ፕሮግራሙ ራሱ ለክቶ የጻፈውን ቁጥር አጥፍቶ ሌላ ቁጥር መተየብ በአውቶካድ ይቻላል። ባለቤቱ «መኝታ ቤቱ 4 ሜትር ይሁን» ሲል ሣዩ ግድግዳውን ሳያንቀሳቅስ 3.80 የሚለውን ብቻ ወደ 4.00 ቢለውጥ ወረቀቱ እውነት ይመስላል፤ ሥዕሉ ግን አልተለወጠም። ከዚያ በኋላ ከሥዕሉ የሚወሰደው ሁሉ፣ የመሐንዲሱ የምሰሶ ርቀትም ሆነ የወለል ንጣፍ ስሌቱ፣ በአሮጌው ልኬት ላይ ይመሠረታል። እንዲህ ያለው ስህተት የሚገኘው በመደመር ነው፦ የክፍሎቹና የግድግዳዎቹ ልኬት ድምር ከቤቱ ጠቅላላ ርዝመት ጋር ካልተስተካከለ አንዱ ቁጥር በእጅ ተነክቷል።

የከበደና የተበላሸ ፋይል

ፋይል የሚከብደው ጥቅም ላይ ባልዋሉ ነገሮች ነው። በአውቶካድ «ፐርጅ» ያልተጠቀሙባቸውን ብሎኮችና ሌየሮች ያስወግዳል፤ «ኦቨርኪል» አንዱ በሌላው ላይ የተደረቡ መስመሮችን ያጠራል። በስኬችአፕም ያልተፈለጉትን የሚያስወግድ «ፐርጅ አንዩዝድ» የሚል ምርጫ አለ። ከኢንተርኔት የተወሰደ አንድ ሶፋ ወይም ዛፍ ከቤቱ በሙሉ የበለጠ ገጽ ሊኖረው ስለሚችል ከመግባቱ በፊት መጠኑን ማየት ይጠቅማል።

ተከፍቶ ስህተት የሚያሳይ ፋይል በ«ኦዲት»፣ ጨርሶ የማይከፈት ደግሞ በ«ሪከቨር» ይሞከራል። ሁለቱም ካልሠሩ ፋይሉን በአዲስ ባዶ ፋይል ውስጥ በ«ኢንሰርት» ማስገባት አንዳንዴ ያድነዋል።

መብራት ድንገት በሚጠፋበት ቦታ ዋናው መከላከያ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። አውቶካድ ሲገጠም በየ10 ደቂቃው በራሱ ቅጂ ያስቀምጣል፤ «ሴቭታይም» በሚለው ማስተካከያ ወደ 5 ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ይህ ቅጂ በጊዜያዊ ፋይሎች ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ፕሮግራሙ በሥርዓት ሲዘጋ ይሰረዛል፣ ድንገት ሲዘጋ ግን ይቀራል። «ድሮዊንግ ሪከቨሪ» የሚለው ትዕዛዝ ቅጂዎቹን ያሳያል። ከዚህ ሌላ ከሥዕሉ ጎን «ባክ» የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል ይገኛል፤ ይህም ከመጨረሻው በፊት ሴቭ የተደረገው ነው። ቅጥያው ወደ «ዲደብሊውጂ» ሲለወጥ እንደ ማንኛውም ሥዕል ይከፈታል። እነዚህ ቅጂዎች ያሉት ግን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ዲስኩ ሲበላሽ አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ በየቀኑ መጨረሻ ሌላ ቦታ ላይ ቀን የተጻፈበት ቅጂ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ፋይል መለዋወጥ

«ፋይሉ አልከፈት አለ» ሲባል ብዙውን ጊዜ በአዲስ እትም የተሠራ ሥዕል በአሮጌ እትም ለመክፈት ተሞክሮ ነው። የአውቶካድ የፋይል ቅርጽ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፤ ከቅርብ ጊዜዎቹ መካከል የ2004፣ የ2007፣ የ2010፣ የ2013 እና የ2018 ቅርጾች ይገኛሉ። ላኪው በ«ሴቭ አዝ» የቆየ ቅርጽ መርጦ ሊያስቀምጥ ይችላል። ከአውቶካድ ወደ ሊብሬካድ ሲዛወር «ዲኤክስኤፍ» የተባለው ቅርጽ ይመረጣል።

ሥዕሉ ተከፍቶ የይዞታው ካርታ ወይም ምስሉ ከጠፋ ከሌላ ፋይል ጋር በማያያዣ ተገናኝቶ ነበር ማለት ነው። «ኢትራንስሚት» የሚለው ትዕዛዝ ተያያዥ ፋይሎችንና ምስሎችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይልካል።

አጫጭር መፍትሔዎች

• ክብ ነገር ማዕዘን ያለው መስሎ ሲታይ፦ «ሪጀን»።
• የተቆራረጠ መስመር ቀጥ ያለ መስሎ ሲታይ፦ «ኤልቲስኬል» የሚለውን ቁጥር መለወጥ።
• ጽሑፍ በመስታወት እንደታየ ሲገለበጥ፦ «ሚርቴክስት» ዜሮ ማድረግ።
• ፋይል መክፈቻ ሣጥኑ ቀርቶ የትዕዛዝ መስመሩ ብቻ ሲጠይቅ፦ «ፋይልዲያ» 1 ማድረግ።
• ሁለተኛ ነገር ሲመረጥ የመጀመሪያው ሲለቀቅ፦ «ፒክአድ» 2 ማድረግ።
• የማውዙ ቀስት እየዘለለ ሲሄድ፦ ኤፍ 9 ማጥፋት።
• መስመር በአግድምና በቁም ብቻ ሲሄድ፦ ኤፍ 8 ማጥፋት።

ከኅትመት በፊት የሚደረግ ማጣሪያ

1. አንድ በር ተለክቶ አሃዱ ይረጋገጣል።
2. የክፍሎችና የግድግዳዎች ልኬት ተደምሮ ከጠቅላላው ጋር ይነጻጸራል።
3. በፕላንና በሴክሽን ያለው የደረጃ ቁጥር ይቆጠራል። ከወለል እስከ ወለል 3.06 ሜትር ከሆነና የእያንዳንዱ ደረጃ ከፍታ 17 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 18 ከፍታዎች መኖር አለባቸው።
4. ከመቁረጫው በላይ ያሉ መስኮቶች በፕላኑ ላይ መታየታቸው ይረጋገጣል።
5. አንድ ወረቀት ታትሞ የስኬል መስመሩ በማስመሪያ ይለካል፤ በ1፡100 አምስት ሜትር የሚለው 5 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት።
6. በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ቀንና የእትም ቁጥር ይጻፋል፤ አሮጌው ወረቀት ከግንባታው ቦታ ይሰበሰባል።

የሶፍትዌሩ ወሰን

እነዚህ ፕሮግራሞች የተሣለውን ያሳያሉ እንጂ የተሣለው ቤት መቆም አለመቆሙን አይናገሩም። ቀጭን ምሰሶ፣ ረጅም ቢም ወይም ለአፈሩ የማይስማማ መሠረት ስክሪን ላይ እንደ ማንኛውም መስመር ጥርት ብሎ ይታያል። ባለ ሦስት አውታር ሞዴል ማማሩም የልኬቱን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። የሕንፃውን ጥንካሬ የሚወስነው የመሐንዲስ ስሌት ነው። የሣዩ ኃላፊነት ደግሞ መሐንዲሱና ግንበኛው የሚቀበሉት ሥዕል ከእውነተኛው ቦታና ከእውነተኛው ልኬት ጋር የሚስማማ እንዲሆን ማድረግ ነው።